ስለ ተቀጽላ አበባ

በግእዝ ቀጸለ ማለት አክሊል አቀዳጀ ማለት ነው፤ ተቀጸለም ሲል አክሊል ደፋ፥ ተሸለመ ማለት ነው፤ ቀጸላም ራሱ አክሊሉ ነው። አባቶቻችን ለልጆቻቸው ቀጸላ ብለው ስም ሲያወጡ ይህን ክብር አስበው ነው። ቃሉ ወደ አማርኛ ሲሻገር ግን ከራስ ላይ ወርዶ በቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠ። በአገራችን አነጋገር ተቀጽላ የሚባለው ሥሩን በምድር ሳይተክል በሌላ ዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ተክል ነው፤ ሰውንም «እገሌኮ ተቀጽላ ነው» ያሉት እንደ ሆነ በሰው ትከሻ የሚበላና የሚጠጣ ለማለት ነው እንጂ ዘውድ ደፍቷል ለማለት አይደለም። አንድ ቃል ንጉሥንም ጥገኛንም እንዴት ሊያለብስ ቻለ? ቅኔ የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ቃል ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ ለኅብረ ቃል የተመቸ ነውና። እኔም በወጣትነቴ በጐጃም የቅኔ ቤት ሳለሁ ተቀጽላን ኅብረ ቃል አድርጌ ቈጥሬበታለሁ። ነገር ግን ያን ጊዜ የማውቀው ቃሉን ብቻ ነበረ፤ ተክሉን በቤቴ አስቀምጬ ጠባዩን መመልከት ከጀመርሁ ገና ሰባት ዓመቴ ነው።

በመስኮቴ አጠገብ በገመድ የተንጠለጠለ አንድ ክንድ የሚያህል የወይራ ቅርንጫፍ አለ። በላዩ ሁለት ተክሎች ተቀምጠዋል። ቁመታቸው ከስንዝር አይበልጥም። ቅጠላቸው ወፍራምና ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ በላዩም ቀለም የተንጠባጠበበት ብራና ይመስል ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ይታይበታል። ሥራቸው በአፈር ውስጥ አልተቀበረም፤ የመቃ ብርዕ ሲሶ ያህል ወፍሮ በቅርፊቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፥ ከፊሉም በአየር ላይ ተንዘርፎ ይቀራል። አፈርም የለ፥ ማሰሮም የለ። ስለዚህ ወደ ቤቴ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ታዲያ ምን ይበላል?» ብሎ ነው።

ፈረንጆች ይህን ወገን በጠቅላላው ኦርኪድ ይሉታል። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋራ ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ኦርኪዶች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳትመዋል፤ በአገራችን ያሉትም ዐይነቶች ከ160 የሚበልጡ ናቸው። ብዙዎቹ በምድር ላይ የሚበቅሉ ሲሆኑ ከፊሎቹ እንደ እኔዎቹ በዛፍ ላይ ይኖራሉ። የእኔዎቹ ስም በሊቃውንቱ ዘንድ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ ነው። ኤራንጊስ ከጽርእ ቋንቋ የወጣ ሲሆን ትርጓሜው የአየር ዕቃ ማለት ነው፤ ብራኪካርፓም ፍሬው አጭር የሆነ ማለት ነው። ይህ ተክል መጀመሪያ በሳይንስ መጽሐፍ የተጻፈው ከዚሁ ከአገራችን በተወሰደ ናሙና ነው። ካርቲን ዲሎንና ፔቲ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1839 ዓ.ም. ከለፌቭር ጋራ መጥተው በሰሜኑ ክፍል ዕፅዋት ሲሰበስቡ ሁለቱም ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ቀሩ፤ ካርቲን ዲሎን በ1840 ሞተ፥ ፔቲም በ1843 ዐባይን ሲሻገር አዞ በላው። የደረቁት ቅጠሎቻቸው ግን ፓሪስ ደረሱ፤ አሺል ሪሻር የሚባለውም ሊቅ ከ1847 እስከ 1851 ባሳተመው የሐበሻ ዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥ አገባቸው። እኛ በየቅጽራችን ስናልፈው የኖርነውን አበባ ሁለት ሰዎች ሕይወታቸውን እየከፈሉ ፈልገውታል ማለት ነው።

ሁለቱ ተክሎች ወደ ቤቴ የመጡት እንደዚህ ነው። ከጐንደር ወደ ጭልጋ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ወዳለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ለበዓል ሄጄ ነበር። በዋዜማው የወረደው የሐምሌ ዝናምና ነፋስ በቅጽሩ ውስጥ ካሉት አራት ያረጁ ወይራዎች ካንዱ ላይ ትልቁን ቅርንጫፍ ገንጥሎ ጥሎት አደረ። ጧት ስንወጣ ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሞ ያዝናል፤ በወደቀውም ቅርንጫፍ ላይ ከዐሥር የሚበልጡ እነዚህ ተክሎች ሥራቸውን ዘርግተው ይታያሉ። ገበዙ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ፥ ዛፎቹንም እንደ ልጆቻቸው የሚወዱ አባት ናቸው። ወደ እኔ ዘወር ብለው፦

«መሪጌታ፥ ገዳዩን ይመልከቱት። ዛፉን መጥጦ የጣለው ይህ ተቀጽላ ነው። የቀሩትን ሦስቱን ሳይጨርስብኝ ነገ በምሳር አስፍቃቸዋለሁ፤ እጅ የማይደርስበትንም ቅርንጫፍ አስቈርጠዋለሁ» አሉኝ።

እኔም «አባቴ፥ ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ምስክር ይሰማ» ብዬ ቢላዋ አስመጣሁ።

በዚያው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ሌላ ተቀጽላ ደግሞ ነበረ፤ ይህኛው ቀይ አበባ የሚያወጣውና ሁሉ የሚያውቀው ነው። ወፎች ፍሬውን በልተው የሚያጣብቀውን ዘር ከአፋቸው ለማስለቀቅ በቅርንጫፍ ላይ ሲያሹት በዚያው ይበቅላል። እግሩን በቢላዋ ስንጠነው። ቅርፊቱን ሰንጥቆ እንደ ሽብልቅ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል፤ የዛፉን ውሃ ከደም ሥሩ እንደሚጠጣ ለማንም ግልጥ ሆነ። ቀጥለን ነጩን የሚያብበውን ተክል ሥር ቀስ ብለን ፈለቀቅነው። ከሥሩ በታች ያለው ቅርፊት ደረቅና ደኅና ነበረ፤ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል እንኳ አልተገኘበትም። በመጨረሻም ቅርንጫፉ ወደ ተገነጠለበት ስፍራ ሄደን ብናይ ውስጡ በእርጅና ባዶ ሆኖ፥ በስብሶ፥ ምስጥ ይርመሰመስበታል። ገበዙ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እንግዲያው ይህ ነጩ ምን ይባላል?» አሉኝ። «እሱም በአገራችን ተቀጽላ ነው የሚባለው» አልኋቸው። «ሌባውና እንግዳው አንድ ስም ነው ያላቸው?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ የተማርሁት ከዚህ ንግግር ነው። አንድ ስም የተሰጣቸው ሁለት ፍጥረታት ናቸው። አንዱ ይበላል፤ አንዱ ግን ከዛፉ የሚለምነው ስፍራ ብቻ ነው። የሚጠጣው በቅርፊቱ ላይ የሚወርደውን ዝናምና ጉም ነው፤ የሚመገበውም ነፋስ ያመጣው አቧራና የረገፈ ቅጠል ሲበሰብስ የሚተወው ጥቂት ነገር ነው። የግእዙ ትርጓሜ ለዚህኛው ይገባዋል፤ ዛፉን አክሊል ሆኖ ይሸልመዋል እንጂ አይመጠውምና። (ደበሎውን ለብሶ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚማረውን ተማሪም ተቀጽላ የሚሉት ሰዎች አሉ። እኔ ራሴ ዐሥራ አንድ ዓመት በቁራሽ እንጀራ የተማርሁ ስለ ሆንሁ በዚህ ነገር ዳኛ ልሆን አይገባኝም፤ ነገር ግን መንደሩ በእኔ ምክንያት ሲደርቅ አላየሁም።)

ገበዙ ቀዩን ተቀጽላ ብቻ እንዲያነሡ አዘዙ፤ ነጩንም ተዉት። በወደቀው ቅርንጫፍ ላይ ከነበሩት መካከል ሥራቸው ያልተሰበረውን መልሰን በቆሙት ወይራዎች ላይ በጥጥ ፈትል አሰርናቸው፤ ሁለቱን ከነተቀመጡበት እንጨት ለእኔ ሰጡኝ።

በቤት ውስጥ ስለ ማኖሩ ነገር ጥቂት ልናገር፤ ብዙ ሰው በመውደድ ይገድለዋልና። አበባ የሚወድ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መልካም አፈር፥ ፍግና ውሃ ነው። ለዚህ ተክል ሦስቱም ጠላቶቹ ናቸው። ሥሩን በአፈር የቀበሩት እንደ ሆነ ትንፋሽ አጥሮት በጥቂት ሳምንት ይበሰብሳል። ሥሩ ፈረንጆች ቬላመን በሚሉት፥ በላቲን መሸፈኛ ማለት በሆነ፥ ሰፍነግ በመሰለ ነጭ ልብስ ተሸፍኗል። ደርቆ ሳለ የብር መልክ አለው፤ ውሃ ሲነካው ግን ዐይን እያየ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ስለዚህ መቼ እንደ ጠማው ለማወቅ ሌላ ብልሃት አያሻም፤ አረንጓዴ ከሆነ ጠጥቷል፥ ወደ ብር ከተመለሰ መጠበቅ፥ ብር ሆኖ ከዋለ ማጠጣት ነው። እኔ ውሃ የምረጭለት ጧት ብቻ ነው፤ ሳይመሽ መድረቅ አለበትና። ተክሉን ያንጠለጠልሁት ራሱን ወደ ታች ዘንበል አድርጌ ነው፥ በዛፍ ላይ ሳለ እንዲሁ ነውና፤ በቅጠሎቹ መካከል ውሃ ተቋጥሮ ካደረ ልቡ ይበሰብሳል። የማጠጣውም በክረምት በጋን ያጠራቀምሁትን የዝናም ውሃ ነው፤ የቧንቧው ውሃ በሥሩ ላይ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል።

በክረምት ምንም ችግር የለብኝም። ከሰኔ እስከ መስከረም የጐንደር አየር ራሱ ያጠጣዋል፥ እኔም መስኮቱን ከመክፈት በቀር የምሠራው የለኝም። አስቸጋሪው በጋ ነው፤ ይልቁንም የካቲትና መጋቢት፥ ነፋሱ ደረቅ፥ ፀሐዩም እሳት ሲሆን። ያን ጊዜ ከሥሩ በታች ጠጠርና ውሃ ያለበት ገበቴ አኖራለሁ፥ በመስኮቱም ላይ ስስ ነጠላ እጋርዳለሁ። ከኵሽና ጢስም አርቀዋለሁ፤ ጥቀርሻ በቅጠሉ ላይ ሲያርፍ በረጠበ ጥጥ እጠርገዋለሁ። ባለቤቴ ይህን ባየች ቍጥር «ለእኛ ለልጆችህ እንዲህ አልተጠነቀቅህም» ትለኛለች፤ መልስ የለኝም። ብርዱን ግን አይፈራም፥ የከተማችን ሌሊት ይስማማዋል። ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ በወጣሁ ጊዜ በአስታውና በጽዱ ላይ ብፈልገው ግን ሽበት ከመሰለ የዛፍ ጸጉር በቀር አላገኘሁም፤ ያ ከፍታ የእርሱ አገር አይደለም።

የሚያብበው ነሐሴ ሲጋመስ ነው። ከቅጠሉ ሥር ቀጭን ዘንግ ይወጣና እንቡጦቹ በተራ ይሰለፋሉ፤ ባንድ ዘንግ እስከ 12 ይደርሳሉ፥ በእኔ ቤት ግን ከሰባት በልጠው አያውቁም። አበባው በኮከብ መልክ የተሠራ፥ ነጭ፥ በጀርባው በኩል ለዐይን እምብዛም የማይታይ የጽጌ ረዳ ቀለም የነካው ነው። ከበስተኋላው ጅራት የመሰለ ረጅም ቀጭን ቱቦ ይወርዳል፤ ርዝመቱም ከ12 እስከ 20 ሳንቲሜትር ነው። አበባው ራሱ ትንሽ ሲሆን ጅራቱ ከስንዝር የማያንስ መሆኑ ሁሉን ያስገርማል።

ቀን ያየው ሰው «ሽታ የለውም» ብሎ ይሄዳል። ፀሐይ ጠልቃ የእራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው ነገሩ የሚጀምረው። በአገራችን ቤት መልካም ሽታ ሁሉ በሰው እጅ ይመጣል፤ ዕጣኑ ይጤሳል፥ ቡናው ይቈላል፥ ጤና አዳሙና አሪቲው ይታሻል፥ ቄጠማው ይረገጣል። ይህ ግን ማንም ሳይነካው፥ እሳት ሳያገኘው ይሸታል። መጀመሪያ የማያውቅ ሰው የተዘጋ የሽቱ ጠርሙስ የተሰበረ ይመስለዋል፤ ጣፋጭ ነው፥ ቀዝቃዛም ነው፥ በመካከሉ ከሎሚ አበባ የሚዛመድ አንዳች ነገር አለው። ጎረቤታችን እማሆይ አንድ ማታ ሲገቡ ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ፤ «ማን ዐርፎ ነው?» አሉን፤ እንዲህ ያለ ሽታ ለቅዱስ ሰው ሞት እንጂ ለሌላ አያውቁምና። ሲነጋ ግን ከእንጨትና ከቅጠል በቀር ምንም አይሸትም።

በሌሊት የሚሸተው ለእኛ ብሎ እንዳልሆነ የገባኝ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። መብራት ጠፍቶ በጨለማ ተቀምጬ ነበር፥ መስኮቱም ክፍት ነው። የክንፍ ድምፅ ሰማሁና ወፍ የገባ መሰለኝ። የእሳት ራት ነበረ፥ ነገር ግን ከመብራት ዙሪያ የምናያቸውን ትንንሾቹን የሚመስል አይደለም፤ ከአውራ ጣት ይወፍራል። በጨረቃው ብርሃን እንደማየው በአበባው ፊት በአየር ላይ ቆመ፥ እንደ ክታብ ተጠቅልሎ የነበረ ምላሱን ተረተረው፥ ወደ ቱቦውም አፍ አገባው። ከዚያ ወደ ሁለተኛው፥ ወደ ሦስተኛው አበባ ሄደ፥ ከዚያም ወጣ። ሁሉ ነገር ከአንድ አቡነ ዘበሰማያት አይረዝምም። ኤሌክትሪኩ በቶሎ ቢመለስ ኖሮ ወደ አምፖሉ ሄዶ ይጠፋ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አበባው በፈነዳ ቍጥር በዚያ ክፍል መብራት አላበራም።

የጅራቱ ትርጓሜ ይኸው ነው። ማሩ በጅራቱ ጫፍ ተቀምጧል፥ ረጅም ምላስ የሌለው አይደርስበትም። ቻርልስ ዳርዊን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1862 ዓ.ም. ጅራቱ 30 ሳንቲሜትር ያህል የሚሆን የማዳጋስካር አበባ አይቶ ምላሱ ይህን የሚያህል የእሳት ራት በዚያ አገር መኖር አለበት ብሎ ጻፈ፤ ብዙዎች ሳቁበት፥ እርሱ ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ በ1903 ግን እንስሳው ታወቀ። ስለ እኛው አበባ ደግሞ ዲኖ ማርቲንስና ስቲቭን ጆንሰን በጎረቤታችን በኬንያ መርምረው በ2007 እንዳስታወቁት፥ በቱቦው ውስጥ ያለው ማር ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም፤ በአፉ በኩል ውሃ የበዛበት ሲሆን ወደ ጫፉ እየወረደ በሄደ መጠን ጣፋጭነቱ ይበረታል። አንባቢዎቼ ቅኔ የምታውቁ ስለ ሆናችሁ ይህን ሳነብ ምን እንዳሰብሁ መናገር አያስፈልገኝም፤ ሰሙ በአፉ፥ ወርቁ በጥልቁ ነው።

አበባን በቤት አኑሮ ሽታውን መጠበቅ የእኛ ፈጠራ አይደለም። የቻይና ሊቃውንት ከጥንት ዘመን ጀምሮ ትንንሾቹን መልካም ሽታ ያላቸውን ኦርኪዶች በመጽሐፍ ማንበቢያቸው አጠገብ ያኖሩ ነበር፤ በሥዕላቸውም ከቀርከሃና ከሌሎች ሁለት አበቦች ጋራ አራቱ ክቡራን ብለው ይሥሉታል። ጃፓኖች ደግሞ ፉኪራን የሚሉት፥ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ፥ ነጭና ባለ ጅራት፥ በሌሊት የሚሸት ትንሽ ተክል አላቸው፤ መኳንንቶቻቸው በኤዶ ዘመን በክብር ያሳድጉት ነበር። ሥዕሉን ባየሁ ጊዜ የእኔው ተክል ታናሽ ወንድም መሰለኝ። በሌላው የዓለም ዳርቻ የሌሊት እንግዳን የሚጠብቅ አበባ ያንኑ ነጭ ልብስና ያንኑ ጅራት ለብሷል።

የአውሮፓ ሰዎች በ19ኛው መቶ ዓመት ያደረጉት ግን ሌላ ነው። የኦርኪድ ፍቅር እንደ ወረርሽኝ ሆኖ ያዛቸውና ወደ ሞቃት አገሮች ለቃሚ ሰደዱ። አልበርት ሚሊካን የሚባል እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1891 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ በኮሎምቢያ አራት ሺህ ያህል ዛፎች ተቈርጠው ዐሥር ሺህ ያህል ተክሎች እንደ ተለቀሙ ራሱ ይናገራል። ተክሎቹም አብዛኞቹ በመርከብ ሳሉ ይሞቱ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ታሪክ ለማውራት ብዬ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ የከተማችን ባለጸጋ በማታ ከቤቴ ተቀምጦ ሽታውን ካጣጣመ በኋላ፥ ለሳሎኑ ስድስት እንዳመጣለት ለመነኝ፥ ዋጋውንም ጠራ። ዋጋው የአንድ ተማሪ የዓመት ቀለብ ይሆናል። ከደቀ መዛሙርቴም አንዱ፥ ዛፍ መውጣት የሚችል ጐበዝ፥ «የኔታ፥ ከየትኛው ቅጽር እንዳለ አውቃለሁ፤ በአንድ ሌሊት አመጣዋለሁ» አለኝ። ሁለቱንም እምቢ አልኋቸው። ተማሪው ግን በቀላሉ አልተወኝም፦ «የኔታ፥ ዛፉ ባይጐዳ፥ ተክሉም በሰው ቤት በእንክብካቤ ቢኖር፥ ማን ተበደለ?» አለኝ። ጥያቄው መልካም ነው፥ መልስም ይገባዋል።

የምመልሰው እንዲህ ብዬ ነው። ይህ አበባ ዘሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ ባንድ ፍሬ ውስጥ ብዙ ሺህ ዘር ይገኛል። ነገር ግን እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ ስንቅ በውስጡ አልተቋጠረለትም። ኖኤል ቤርናር የሚባል ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. እንደ ደረሰበት፥ ዘሩ የሚበቅለው በቅርፊቱ ውስጥ የሚኖር አንድ ረቂቅ የፈንገስ ዘር አግኝቶ ሲመግበው ነው። በ1922 አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን ያለ ፈንገሱ በስኳርና በጨው ውሃ በጠርሙስ ውስጥ ማብቀልን አሳየ፤ በዓለም ገበያ የሚሸጡትም ዛሬ በዚህ መንገድ የሚባዙ ናቸው። እኛ ግን ጠርሙሱ የለንም። እኛ ያለን ያረጀ ዛፍ፥ የሻከረ ቅርፊት፥ በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ፈንገስ፥ በሌሊትም የሚመጣው የእሳት ራት ነው። ስድስቱን ወደ ሳሎን ያመጣናቸው እንደ ሆነ ስድስቱ ጥቂት ዓመት ያብቡ ይሆናል፤ ልጅ ግን አይወልዱም። በቅጽሩም የሚቀረው ጥቂት ስለሚሆን የእሳት ራቱ ከአንዱ ወደ አንዱ መድረስ ያቅተዋል። የተበደለው ማን እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል። ደግሞም በ1973 በዋሽንግተን የተፈረመውና አገራችንም በ1989 የገባችበት የአራዊትና የዕፅዋት ንግድ ስምምነት የኦርኪድን ወገን በሙሉ ከሚጠበቁት ውስጥ ቈጥሮታል።

ቅርፊት ስል አንድ ነገር ልጨምር። በምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ለቤት ሠሪውና ለማገዶ ባለውለታችን ነው፥ አላማውም። ነገር ግን ቅርፊቱን እንደ እባብ ቆዳ በየጊዜው እየላጠ ይጥላል፤ ዘር ቢያርፍበት፥ ሥር ቢዘረጋበት፥ አብሮ ይወድቃል። በባሕር ዛፍ ደን ውስጥ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢሄድ አንድ እንዲህ ያለ አክሊል የደፋ ግንድ አያገኝም። ስለዚህ ወይራው፥ ጽዱ፥ ዋንዛው ሲጠፋ ይህም አብሮ ይጠፋል፤ በጐንደርና በዙሪያዋ ደግሞ ያረጁ ዛፎች ያሉት ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሌላ እምብዛም ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደቡብ ጐንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች መርምረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. ባቀረቡት የዶክትርና ጽሑፍ ከብት በሚገባበት ደን ውስጥ ችግኝ እንደማይተካ አሳይተዋል፤ ከዚያም ወዲህ ማርጋሬት ሎውማን ከምትባል አሜሪካዊት ሊቅ ጋራ ሆነው በየደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ደክመዋል። ካቡ የሚጠብቀው ሽማግሌውን ዛፍ ብቻ ሳይሆን ሽማግሌው ሲወድቅ የሚተካውን ነው።

ስለዚህ ለራሴ ሥርዐት አወጣሁ፥ ለሚጠይቀኝም ሁሉ እነግራለሁ፤ ነፋስ ከጣለው ቅርንጫፍ በቀር ከቆመ ዛፍ ላይ አንድም አይነቀልም፤ ከወደቀውም መጀመሪያ ወደ ዛፍ የሚመለሰው ተመልሶ፥ የተረፈ ካለ ያን ጊዜ ወደ ቤት ይገባል። ባለጸጋው ተቀይሞኛል። ተማሪው ግን ሥርዐቱን ተቀብሎ፥ አሁን ዝናም በጣለ ማግሥት በየቅጽሩ እየዞረ የወደቀ ቅርንጫፍ የሚፈልግ እርሱ ነው፤ ፈትሉንም ከእናቱ እንዝርት ያመጣል።

በጨረቃ ያየሁት የእሳት ራት ሦስት አበቦችን ጎብኝቶ ነበር፤ ሁለቱ ረገፉ፥ ሦስተኛው ግን ጠውልጎ ሳይወድቅ ቀረና ከበስተጀርባው አረንጓዴ ፍሬ አበጠ። ወራት ፈጅቶ በበጋው በሰለ። ሊሰነጠቅ ሲቃረብ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ጠበቅሁት፤ ከፈነዳ በኋላ ያገኘሁት ዱቄት በትንፋሽ የሚበተን ነበረ። ክረምቱ ሲገባ ወደዚያው ወደ ጭልጋ መንገድ ይዤው ሄድሁ። ከገበዙ ጋራ መሰላል አቁመን፥ በአሮጌዎቹ ሥሮች አጠገብ ሽበት ባለበት በሰሜኑ በኩል ባለው ቅርፊት ላይ በላባ ቀባነው፤ ፈንገሱ ካለ የሚገኘው በእናቶቹ ሥር አጠገብ ነው ብዬ ነው። ገበዙ ላባውን ከእጄ ተቀብለው እርሳቸውም ቀቡ።

ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ሲያገኙኝ ሰላምታውን ሳይጨርሱ «መሪጌታ፥ ገና አልታየም» ይሉኛል። ከዘር እስከ አበባ ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ ነግሬአቸው ነበር፤ የእኔንም የእርሳቸውንም ዕድሜ አስበው ሳቁ። ዘንድሮ በነሐሴ መጨረሻ በስልክ ጠሩኝ። ሄጄ መሰላሉን ወጣሁ፤ በቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ከሰናፍጭ ቅንጣት የማይበልጡ አምስት አረንጓዴ ነገሮች ተቀምጠዋል። መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደ ገና አየሁ። የእርሱ ልጆች ይሁኑ ወይም ሌላ የዛፍ ሽበት ገና አልለየንም፤ እስከ ሚቀጥለው ክረምት ከብት እንዳይታከክበት ገበዙ በግንዱ ዙሪያ እሾህ አሳጥረውበታል።